ቀኝ የተባለው ጤፍ፦ ጥናቱ ምን አሳየን፣ ምንስ ዘለለ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ በቁይ ዙሪያም ሆነ ከዚያ አልፎ ባሉት ደጋና ወይና ደጋ ማሳዎች፣ ጤፍ ሊደርስ ሲል የገበሬው ዓይን ከሰማይ አይነሳም። ዘለላው ከብዶ አገዳው ግን እንደ ክር ቀጥኖ ባለበት ሰዓት አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከነፋስ ጋር ከመጣ፣ ቆሞ ያመሸው ማሳ ጠዋት ምንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ገበሬው «ጤፉ ተኛ» ወይም «ጋሸበ» ይላል። የጋሸበ ጤፍ ለማጨድ ያስቸግራል፣ ፍሬው በደንብ አይሞላም፣ እርጥብ መሬት ላይ ስለሚያርፍም ጥራቱ ይጎዳል።

የዚህን ችግር መፍትሔ በዓይን ከማይታይ ቱቦ ጋር ያገናኘ አንድ ጥናት አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. «ጆርናል ኦፍ ኤክስፐሪሜንታል ቦታኒ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ጸሐፊዎቹ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ እና የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዮስት፣ ሶሎሞን ጫንያለው፣ ከበበው አሰፋ እና ዘሪሁን ታደለ ከነሱ መካከል ይገኛሉ። ያገኙት ጤፍ ከተለመደው አጠር ያለና መጋሸብን የሚቋቋም ሲሆን «ቀኝ» ይባላል። ምክንያቱ ደግሞ፣ እንደ ጥናቱ፣ ቱቡሊን በሚባል ፕሮቲን ላይ የደረሰ አንድ ለውጥ ነው።

ሥራው ጥሩ ነው። ጥሩ ስለሆነም ነው በጥንቃቄ ሊተች የሚገባው። ከዚህ በታች ጥናቱ በጽኑ መሠረት የቆመባቸውን ቦታዎች፣ በአንድ ዝላይ የተሻገራቸውን ቦታዎች፣ እንዲሁም ገና ያልተመለሱትን ጥያቄዎች እናያለን። በመጀመሪያ ግን ቱቦውን እንወቀው።

ክር ሳይሆን ቱቦ

ትምህርት ቤት ስለ ሕዋስ ክፍፍል ስንማር ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱ መስመሮች በሰሌዳ ላይ ይሣሉልናል። «ክሮች» ተብለው ይታለፋሉ። እኛም ክር አድርገን እንይዛቸዋለን፦ የተዘጋጀ፣ የተወጠረ፣ የማይለወጥ ክር።

እውነታው ሌላ ነው። እነዚህ «ክሮች» ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ባዶ ቱቦዎች ናቸው። ውፍረታቸው 25 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 40,000 ያህሉን ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ይሞላሉ። ግንባታቸው እንደ ጡብ ሥራ ነው። ጡቡ ከሁለት ፕሮቲኖች፣ ከአልፋ ቱቡሊንና ከቤታ ቱቡሊን፣ ተጣምሮ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱም 8 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ጡቦቹ ራስና ጭራ ሆነው ሲደረደሩ ዘንግ ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 13 ዘንጎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ክብ ሲሆኑ ደግሞ ቱቦው ይቆማል።

ዋናው ነገር ግን ቱቦው ዕረፍት የሌለው መሆኑ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ቲም ሚቺሰንና ማርክ ከርሽነር እንዳሳዩት፣ አንድ ማይክሮቲዩቡል ጫፉ ላይ ጡብ እየጨመረ ያድጋል፤ ከዚያ በድንገት ይፈርሳል፤ ከዚያ ደግሞ መልሶ ያድጋል። አጠገቡ ያለው ጎረቤቱ በዚያው ቅጽበት ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ሕዋሱ በዚህ መገንባትና መፍረስ ይጠቀማል፤ አንድ ቦታ ያለውን ቱቦ አፍርሶ በዚያው ጡብ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ይሠራል።

ይህ በተለይ ለዕፅዋት ትልቅ ጥቅም አለው። የተክል ሕዋስ ሲከፈል አራት ዓይነት ሥራ በተራ ይሠራል፣ አራቱም በማይክሮቲዩቡል ነው።

አንደኛው በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለው ጊዜ ነው። ቱቦዎቹ ከሕዋሱ ግድግዳ ሥር ተነጥፈው የሴሉሎስ አሰራርን ይመራሉ። ሌድቤተርና ፖርተር በ1963 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እነዚህን ቱቦዎች ያዩት እዚሁ፣ በተክል ሕዋስ ግድግዳ ሥር ነበር። ሴሉሎሱ ሕዋሱን እንደ መቀነት ይጠመጥመዋል። ወገቡ የታሰረ ሕዋስ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ወደ ላይ ይረዝማል። አገዳ የሚረዝመው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው፣ ክፍፍሉ ሊጀመር ሲል ቱቦዎቹ ተሰብስበው ሕዋሱን በወገቡ የሚዞር ቀለበት ይሠራሉ። ፒከት ሂፕስና ኖርዝኮት ይህን ቀለበት በ1966 እ.ኤ.አ. ገለጹት። ቀለበቱ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ግን አዲሱ ግድግዳ ወደፊት የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ሦስተኛው ክሮሞዞሞችን የሚለየው የክፍፍል መዋቅር ነው፤ በሰሌዳ ላይ የሚሣልልን እሱ ብቻ ነው። አራተኛው፣ ክሮሞዞሞቹ ከተለዩ በኋላ በመሃል ላይ የሚቆመው ሌላ የማይክሮቲዩቡል መዋቅር ነው፤ አዲሱን ግድግዳ ከመሃል ወደ ዳር እያሰፋ የሚገነባው እሱ ነው።

በተለመደው የጤፍ ሕዋስ ውስጥ 40 ክሮሞዞሞች አሉ። እያንዳንዱ ክፍፍል እነዚህን 40 ጥቃቅን ክሮሞዞሞች እጥፍ ካደረገ በኋላ አንድም ሳይስት ለሁለት ማካፈል አለበት።

«አጃቢ» የሚለው ስም ያሳንሳቸዋል

ታዲያ አንድ ዓይነት ጡብ እንዴት አራት ዓይነት ቤት ይሠራል? ልዩነቱ ያለው በግንበኞቹ ነው። ግንበኞቹ በማይክሮቲዩቡል ላይ የሚያርፉ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ናቸው። በብዛት «አጃቢ» ተብለው ስለሚጠሩ ከኋላ የሚከተሉ ይመስላሉ፤ ሥራቸውን ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

አንዳንዶቹ ጡብ ያቀብላሉ። በዕፅዋት ውስጥ ሞር 1 የሚባለው ፕሮቲን ቱቦው በፍጥነት እንዲገነባ የሚያግዝ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ይህ ፕሮቲን የተበላሸበት ተክል ሙቀት ሲጨምርበት ቱቦዎቹ አጥረው ይበታተናሉ፤ ተክሉም ይጠመዘዛል። አንዳንዶቹ ያስተሳስራሉ። ማፕ 65 የሚባሉት ፕሮቲኖች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ቱቦዎችን ጎን ለጎን ይይዛሉ፤ በኛ ሕዋስ ውስጥም ፒ አር ሲ 1 የሚባል ዘመድ አላቸው። በአረቢዶፕሲስ፣ ማለትም የዕፅዋት ተመራማሪዎች አዘውትረው በሚጠቀሙባት ትንሽ ተክል፣ ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ክሮሞዞሞቹ ይለያያሉ፣ ግድግዳው ግን ሙሉ ለሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከአንድ በላይ ኒውክሊየስ ይገኛል።

አንዳንዶቹ ደግሞ ይቆርጣሉ። ካታኒን የሚባለው ስሙን ያገኘው ካታና ከሚባለው የጃፓን ሰይፍ ነው። ቱቦውን እየቆረጠ ሥርዓት እንዲይዝ ያደርጋል። በአረቢዶፕሲስ ላይ ይህ ፕሮቲን ሲበላሽ ተክሉ ያጥራል፣ አገዳውም ይልፈሰፈሳል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፦ ማጠርና መጠንከር አንድ ነገር አይደሉም።

እነዚህን ካወቅን ጥናቱን ለማንበብ ተዘጋጅተናል።

ጥናቱ የቆመበት

ተመራማሪዎቹ ኢቲል ሜቴን ሰልፎኔት በሚባል ኬሚካል የጤፍ ዘር አከሙ። ይህ ኬሚካል በዲኤንኤ ፊደሎች ላይ እዚህም እዚያም ለውጥ ያመጣል። ከዚያ ከበቀሉት ብዙ ተክሎች መካከል አጠር ያለውንና የማይጋሸበውን መረጡ። ይህ ተክል ስሙን ያገኘው ሕዋሶቹ ወደ ቀኝ ስለሚጠመዘዙ ነው።

መጠምዘዙ ትልቅ ፍንጭ ነበር። መቀነቱ ቀጥ ብሎ ከመዞር ይልቅ ገደድ ብሎ ከተጠመጠመ፣ ሕዋሱ ሲረዝም እንደ ተገመደ ገመድ ይዞራል። ስለዚህ የተጠመዘዘ ተክል ሲታይ ከማይክሮቲዩቡል ጋር የተያያዘ ችግር መጠርጠር ተገቢ ነው።

ተመራማሪዎቹ ጥርጣሬያቸውን በሦስት መንገድ ፈተኑ። አንደኛ፣ ማይክሮቲዩቡልን የሚያፈርሱና ማይክሮቲዩቡልን እንዳይፈርስ የሚይዙ መድኃኒቶችን ለቀኝ ሰጡ፤ አጸፋውንም ለካ። ሁለተኛ፣ ጂኑን አንብበው በአልፋ ቱቡሊን 1 ላይ ለውጥ አገኙ። ሦስተኛ፣ ለውጡና አጭርነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ አብረው መውረድ አለመውረዳቸውን ተከታተሉ። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙ።

በተለይ የመድኃኒቱ ሙከራ ብልህ ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ለሰውም የታወቁ ናቸው፦ በካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ታክሶል ማይክሮቲዩቡል እንዳይፈርስ ይዞ ክፍፍልን ያቆማል። በየደጋው አጥር ላይ የምናውቀው አጣጥ ወገን ከሆነ የአፍሪካ ቁጥቋጦ በ1972 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሜይታንሲን ደግሞ በተቃራኒው ቱቦው እንዳይገነባ ያደርጋል፤ ከሱ የተሠራ መድኃኒት በ2013 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቅዷል። ማይክሮቲዩቡል ከተክል እስከ ሰው በጣም ስለሚመሳሰል፣ መድኃኒቱ ተክልን እንደ መጠየቂያ ያገለግላል። ተክሉ ለነዚህ መድኃኒቶች የሚሰጠው መልስ ከተለወጠ፣ የተነካው ነገር ከቱቦው ሩቅ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ሌላ ሐሳብ ነው። እንደ ሩዝ ባሉ፣ ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም አንድ ጥንድ ብቻ ባላቸው ሰብሎች ላይ በአልፋ ቱቡሊን ላይ የሚደርስ ለውጥ ተክሉን ከመጠን በላይ ያሳጥረዋል፣ አገዳውንም ያደክመዋል። ለገበሬ ምንም አይጠቅምም። ጤፍ ግን የሁለት ጥንታዊ ሣሮች ድቅል ነው፤ 40ዎቹ ክሮሞዞሞቹ ከሁለት ወገን፣ ከየወገኑ 20 ሆነው የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ ለአብዛኛው ጂን ሁለት ወንድማማች ቅጂዎች አሉት። በቀኝ ውስጥ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ቀረ። ውጤቱም መካከለኛ ሆነ፦ አጠር ያለ፣ ግን የማይልፈሰፈስ። በሌላ ሰብል ጉዳት የሆነው ለውጥ በጤፍ ላይ ልኩን አገኘ። ይህ ሐሳብ ስለ ጤፍ የዘር ታሪክ አዲስ ነገር ያስተምራል፤ «ጤፍ ወደ ኋላ የቀረ ሰብል ነው» ለሚሉም ጥሩ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ትችት፦ አብሮ መገኘት እና ማድረግ

የጥናቱ ርዕስ ራሱ ጨዋ ነው። አጭርነቱ ከጂኑ ለውጥ ጋር «የተያያዘ» ነው ይላል እንጂ ጂኑ «አደረገው» አይልም። ችግሩ ወሬው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «ተያያዘ» የሚለው ቃል ወድቆ «የአለመጋሸብ ጂን ተገኘ» ሆኖ መቅረቱ ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ያ ኬሚካል ለውጥ የሚያመጣው በአንድ ጂን ላይ ብቻ አይደለም። በአንድ ተክል ውስጥ በብዙ ቦታ ፊደል ይለውጣል። የቱቡሊኑ ለውጥና አጭርነቱ አብረው ወረዱ ማለት ምክንያቱ በዚያ ጂን ወይም በዚያው ክሮሞዞም ላይ በቅርብ በተቀመጠ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ በአንድ አውቶቡስ ቢመጡ፣ ሥራውን የሠራው የትኛው እንደሆነ አብሮ መምጣታቸው ብቻውን አይነግረንም። የመድኃኒቱ ሙከራ ጥርጣሬውን በእጅጉ ያጠባል፤ ሙሉ ለሙሉ ግን አይዘጋውም።

የሚዘጋው ሙከራ ሁለት መልክ አለው። ወይ ጤነኛውን ጂን ቀኝ ውስጥ መልሶ ማስገባትና ተክሉ እንደገና መርዘሙን ማየት፤ ወይም በተለመደ ጤፍ ላይ ያንኑ አንድ ለውጥ ብቻ ሠርቶ ማጠሩን ማየት። በ2015 እ.ኤ.አ. በጤፍ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎቹን መውቀስ አይገባም። አሁን ግን መንገዱ ተከፍቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚገኘው የዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ክሪስፐር በሚባለው ዘዴ የጤፍን ኤስዲ 1 ጂን ለይተው ቀይረዋል፤ ጤፉም አጥሮ መጋሸብን ተቋቁሟል።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው። ኤስዲ 1 ጂብሪሊን ከሚባለው የእድገት ሆርሞን አሰራር ጋር የተያያዘ ጂን ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ለገበሬ የተሰጠውን አይአር 8 የተባለውን አጭር ሩዝ ያሳጠረው የዚሁ ጂን ለውጥ ነው። በጤፉ ሥራ ላይ አራቱም ቅጂዎች፣ ማለትም የሁለቱ ወገን ጥንዶች በሙሉ፣ ተለውጠዋል። በቀኝ ላይ ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ ተነክቷል። አንደኛው መንገድ «ተክሉ እንዲረዝም የሚያዘውን መልእክት ቀንስ» ይላል፤ ሌላው «ግንባታውን ራሱን ለውጥ» ይላል። ሁለቱም ወደ አጭር ጤፍ ያደርሳሉ፤ ለሕዋሱ ግን እኩል አይደሉም። ይህ ወደ ሁለተኛው ትችት ይወስደናል።

ሁለተኛው ትችት፦ ግንበኞቹ የት ሄዱ?

የጥናቱን ማጠቃለያ ብታነቡ ታሪኩ ከቱቡሊን ተነስቶ በአንድ ዝላይ ወደ አገዳ፣ ከአገዳም ወደ ማሳ ይደርሳል። በማይክሮቲዩቡል ላይ የሚያርፉት ፕሮቲኖች ስም አይነሳም። የሕዋስ ክፍፍልም አይነሳም። ማጠቃለያ አጭር ነው፣ ሁሉም አይገባበትም፤ ይገባኛል። ግን ሰው በብዛት የሚያነበው ማጠቃለያውን ነው፣ የዘለለውም ነገር ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ወደ ቀኝ መጠምዘዝ የቱቡሊን የግል ፊርማ አይደለም። በአረቢዶፕሲስ ላይ ስፓይራል 1 የሚባል በማይክሮቲዩቡል ላይ የሚያርፍ ፕሮቲን ሲጠፋ ተክሉ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ በራሱ በአልፋ ቱቡሊን ላይ የደረሰ ለውጥ ተክሉን ወደ ግራ እንደሚጠመዝዘው አሳይቷል። ጡቡም ሲበላሽ፣ ግንበኛውም ሲጎድል፣ ቤቱ ሊጣመም ይችላል። በውጭ የምናየው መልክ ብቻውን ማን እንዳጣመመው አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ጡቡ ቢበላሽ እንኳ ጉዳቱ በግንበኛው በኩል ሊመጣ ይችላል። የቱቡሊን ቅርጽ ሲለወጥ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ጡቦቹ እርስ በርስ የሚጣበቁበት ቦታ ይለወጣል፤ ቱቦው በራሱ ከሚገባው በላይ ይጸናል ወይም ይፈርሳል። ወይ ደግሞ ቱቦው ደኅና ሆኖ እነ ሞር 1፣ እነ ማፕ 65 የሚይዙበት እጀታ ይለወጣል። የመጀመሪያው ከሆነ በአራቱም ሥራዎች ላይ ተጽዕኖ እንጠብቃለን። ሁለተኛው ከሆነ ግን ያ አንድ ፕሮቲን ዋና በሆነበት ሥራ ላይ ብቻ። ቀኝ የትኛው ነው? ይህን የሚለይ ሙከራ ማድረግ ይቻላል፤ ቱቡሊኑን አውጥቶ ከንጹህ ፕሮቲኖች ጋር በብርጭቆ ውስጥ ማገናኘትና ማን እንደሚይዘው ማየት።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም የሚያሳስበው፣ የክፍፍሉ ጉዳይ ነው። የአገዳውን መቀነት የሚያስጠመጥመውና ክሮሞዞሞችን የሚለየው ጡብ አንድ ነው። ተክል ብዙ የቱቡሊን ጂኖች አሉት፤ አረቢዶፕሲስ ብቻ ስድስት የአልፋ ጂኖች አሏት። ስለዚህ አንዱ ቢለወጥ ሌሎቹ ሊሸፍኑለት ይችላሉ። ቀኝ በሕይወት መኖሩ፣ ማበቡና ዘር መስጠቱ ራሱ ክፍፍሉ በአብዛኛው እንደሚሠራ ይመሰክራል። ግን «በአብዛኛው» ለዘር ሰብል ይበቃል? ከሺህ ክፍፍሎች በጥቂቶቹ ላይ አንድ ክሮሞዞም ቢሳሳት በአንድ ተክል ላይ ላይታይ ይችላል። ትውልድ ሲቆጠር፣ ሙቀት ወይም ውርጭ ሲጨመርበት ግን በመከነ ዘር ወይም በሳሳ ዘለላ ሊገለጥ ይችላል። ማይክሮቲዩቡል ደግሞ ለሙቀት ለውጥ ስሜታዊ ነው፤ ብርድ ራሱ ያፈርሰዋል። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ በመኸር መጨረሻ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለዚያ አገር ልጅ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ቀኝን በብርድ ውስጥ መፈተን፣ የሥሩን ጫፍ በማይክሮስኮፕ አይቶ የዘገዩ ክሮሞዞሞችን መቁጠር፣ የአበባ ዱቄቱን ጤንነት መለካት ለገበሬው ከሚሰጠው ተስፋ በፊት የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

የካታኒኑን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። ካታኒን የተበላሸበት ተክል አጭር ነው፣ ግን ደካማ ነው። የሩዙም እንዲሁ። ቀኝ አጭር ሆኖ የማይጋሸብ ከሆነ፣ ምክንያቱ ማጠሩ ነው ወይስ የግድግዳው ጥንካሬ? አጭር ዱላ ከረጅም ዱላ ይልቅ ለመጣመም ያስቸግራል፣ እንጨቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም። የዚህ መልስ ለአዳቃዩ ብዙ ይለውጣል፤ የሚመርጠው ቁመትን ነው ወይስ ጥንካሬን?

ሦስተኛው ትችት፦ «ይጨምራል» የሚለው ግስ

ማጠቃለያው ሲዘጋ የቀኝን ባሕርይ በገበሬው ወደሚወደዱ የጤፍ ዝርያዎች ማስገባት የመጋሸብን ችግር እንደሚቀንስ፣ ምርታማነትንም እንደሚያሻሽል በእርግጠኝነት ይናገራል። «ሊያሻሽል ይችላል» ቢል ይሻል ነበር። ከላቦራቶሪ እስከ ቁይ ማሳ ያለው መንገድ አጭር አይደለም።

መንገዱን ለማወቅ ቁንጮን ማየት ይበቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ የተወለደው ከሁለት ወላጆች ነው፤ አንዱ ምርት ሰጠ፣ ሌላው ነጭ ፍሬ። ምርቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያው ላይ እንዲህ ባልተወደደ ነበር። የጤፍ አበባ ደቃቅ ስለሆነና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ሁለት ዝርያ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ የሚከፈትበትን አጭር ሰዓት ለይተው ነው በሩን የከፈቱት። ከዚያ ወዲህም እያንዳንዱ ዝርያ በብዙ ዓመት ምርጫ የተገኘ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሳይንስ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይወድቃል፦ ጭዱ። ለተመራማሪ አገዳ ፍሬውን የሚሸከም ምሰሶ ነው። በጎጃም ግን የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም የቤት ግድግዳ ይለሰንበታል። አገዳ ሲያጥር ጭዱም ሊያንስ ይችላል። በሬ ያለው ገበሬ አጭር ጤፍ ሲቀርብለት በኩንታል ብቻ ሳይሆን በሸክምም ይመዝነዋል። ምርታማነት ማለት ፍሬ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

ይህ ጥናቱን ዋጋ አያሳጣውም። በኔ አመለካከት ቀኝ ስለ ጤፍ ከተጻፉት ሥራዎች ጥሩዎቹ መካከል ነው፤ ምክንያቱም አንድ የገበሬ ችግር ይዞ እስከ ናኖሜትር ድረስ ወርዷል። የጎደለው የመመለሻው መንገድ ነው። ሲወርድ ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ ሲመለስ ግን ከቱቡሊን ወደ ማሳ ዘለለ፣ በመሃል ያሉትን ፕሮቲኖች፣ የሕዋስ ክፍፍሉን፣ ብርዱንና ጭዱን ሳይረግጥ።

እነዚያ ደረጃዎች ግን ለወጣት ተመራማሪ ክፍት ናቸው፣ አንዳንዶቹም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የተለመደ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ፣ የሽንኩርት ሥር ጫፍ እና አሴቶካርሚን የሚባለው ቀለም ካሉ የሚከፈሉ ሕዋሶችን ማየት ይቻላል። በሽንኩርት የተለማመደ ሰው ወደ ጤፍ ሥር ሲሄድ ክሮሞዞሞቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ይቸገራል፤ ግን መቸገሩ ራሱ ተመራማሪዎቹ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠሩ ያሳየዋል። ሜትርና ገመድ ይዞ ደግሞ በአካባቢው ማሳ ውስጥ የጋሸበውንና ያልጋሸበውን ጤፍ የአገዳ ቁመት መለካት፣ የየትኛው ጭድ ስንት ሸክም እንደወጣው መመዝገብ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ተማሪ በቁይ ዙሪያ ቢገኝ፣ በዚያ በ2015ቱ ጽሑፍ ውስጥ የሌለ መረጃ በእጁ ይኖራል።